ያረጋል የገደለው አንበሳ

ፋሉን፣ ስዊድን
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ባንተአምላክ፣

ከእታታ ውባንች፣ ከልጅዎ ከያረጋልና ከከብቶችዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ሰሞኑን ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ጨለማውን ለምጄዋለሁ፤ ብርዱን ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

አባቴ ቢሻው ካረፈ ወዲህ ከእሱ ወገን የምጽፍለት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። የአጎቱ ልጅ ብቻ ሳይሆኑ የአደን ጓደኛውም ነበሩ። በእናንተ በኩል ኢንተርኔት ከጠፋ ስለቆየ ይህንን ደብዳቤ የመተማው ባለሱቅ ኸሊፋ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሲሄድ አሳትሞ ያመጣልዎታል። የእርስዎንም መልስ እሱው ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።

ሥራዬን ያውቁታል። በብርዱ ወራት በረዶ ላይ የተኩላ ዱካ እየተከተልን እንቆጥራለን። የዚህ አገር አዳኞች ተኩላ በጎቻቸውንና የአደን ውሾቻቸውን ስለሚበላባቸው ይጠሉታል። መንግሥት በየዓመቱ ይህን ያህል ግደሉ ብሎ ቁጥር ይቆርጥላቸዋል፤ ቁጥሩ ግን በቅቷቸው አያውቅም። እኔንም ሆን ብላ ቆጠራውን ታሳንሳለች ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ሁለት ጎማ በቢላ ቀደዱብኝ።

አሁን መሥሪያ ቤታችን በእናንተ በኩል ያለውን ፓርክ ሊረዳ አስቧል። ሪፖርቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ አንበሳ አሁንም ይታያል? ሰዉ ስለ ፓርኩ ምን ይላል? ማን ነው የሚያድነው? ያንን ዱር እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለምና ሳይደብቁ ይጻፉልኝ።

ለያረጋል ሰርግ መድረስ አልችልም። ለሙሽርነቱ የሚሆን ጥሩ የሱፍ ኮት በኸሊፋ በኩል ልኬያለሁ። ትዳሩን የአብርሃምና የሣራ ያድርግለት።

ልጅዎ ሰውነት ቢሻው


ሽንፋ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጃችን ለሰውነት ቢሻው፣

ሰላምታዬ ባለሽበት በዚያ በጨለማ አገር ይድረስሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሰሊጡም ሳይረግፍ ተሰብስቧል። የላክሽው ኮት ደርሷል። ያረጋል ለብሶት ዳሱን ሁለት ጊዜ ዞረና ላቡ ጫማው ውስጥ ሲገባበት አውልቆ ለሚዜው ሰጠው፤ ሚዜውም ለደጋ ዘመዱ ሰጠው። የቆላ ልጅ ሆነሽ የመተማን ሙቀት መርሳትሽ ገርሞኛል። ሌላስ ስንት ነገር ረስተሽ ይሆን?

ሳይደብቁ ይጻፉልኝ ብለሻልና አልደብቅሽም። ፓርኩን አንወደውም። አባቶቻችን ሲያድኑበት በኖሩት ዱር ላይ አንድ ቀን ሰዎች በመኪና መጡና ድንጋይ ተከሉ፤ ከዚህ ወዲያ የአውሬው፣ ከዚህ ወዲህ የእናንተ አሉን። አውሬው ግን ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አላነበበም። በኅዳር መጨረሻ አንድ ላሜንና ሁለት ጥጆቼን አንበሳ በላብኝ፤ ያውም ከድንጋዩ ወዲህ፣ ከበረቴ በር ላይ። ለፓርኩ ጠባቂዎች፣ ለስካውቶቹ፣ ሄጄ ብነግራቸው ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ። ማስረጃ አምጣ አሉኝ። የተረፈውን አጥንት በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ሄድኩና ቢሯቸው ደጅ ላይ ዘረገፍኩላቸው። እስከ ዛሬ መልስ የለም። እናንተ አገር ተኩላ በግ ሲበላ መንግሥት ይክሳል ብለሽ አንድ ጊዜ ጽፈሽልኝ አልነበር? እዚህ የሚካስ አውሬው ነው።

ማን ያድናል ላልሽው፣ አዳኝና ሌባ ለይተሽ ጻፊ። በሞተር ብስክሌት እየመጡ አጋዘኑን በባትሪ አደንዝዘው የሚፈጁ፣ ሥጋውን አድርቀው የሚቸረችሩ አሉ። በሞተ ከብት ላይ የሰሊጥ ተባይ መድኃኒት ረጭተው ጅብና ተኩላ በጅምላ የሚጨርሱም አሉ። እነዚህን አዳኝ ብሎ የሚጠራ ከእኔ ጋር አይስማማም። እኛ ውኃ ላይ ያጎነበሰ አውሬ አንተኩስም፤ እርጉዝ አንመታም፤ ያቆሰልነውን ሳንከተል ወደ ቤታችን አንመለስም። ይህንን ሕግ ማንም በወረቀት አልሰጠንም፤ ከአባቶቻችን ነው የተማርነው። ፈረንጅ በዶላር ፈቃድ ገዝቶ ሲተኩስ እንግዳ ይባላል፤ እኔ ለላሜ ስተኩስ ወንጀለኛ እባላለሁ። ይህንን ማን እንዳወጣው ጠይቂልኝ።

አሁን ወደ ደስታችን ልምጣ። አንበሳውን ያረጋል ገደለው። ጥር 14 ቀን፣ ከሽንፋ ወንዝ ማዶ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ነው። የሄድነው እኔና እሱ ብቻ ነን። በአያቱ ዲሞትፈር ተኩሶ በመጀመሪያ ደሙን ያወጣው ያረጋል ነው። ጎፈሩ የጠቆረ ወንድ አንበሳ ነው። በሰርጉ ቀን ቆዳውን ዳሱ ላይ ሰቀልነው፤ ልጄም ፎከረ። ውባንች እልል እያለች ራሱን ቅቤ ቀባችው። የሙሽሪት የጸዳለ አባት ልጁን ሲሰጥ «ለአንበሳ ገዳይ ሰጠሁ» ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ተናገረ። ቢሻው ይህንን ሳያይ በመሞቱ አለቀስኩ።

ይህንንም ለፈረንጆችሽ ጻፊው። አንፈራም።

ባንተአምላክ


ፋሉን
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ባንተአምላክ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ሰርጉ አምሮ በመዋሉ ደስ ብሎኛል። ጸዳለን በዘመድነት ተቀብያታለሁ በሉልኝ። ስለ ኮቱ ይቅርታ፤ እውነትዎን ነው፣ ረስቼዋለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ላሟና ስለ ጥጆቹ የጻፉት ትክክል ነው። ለከብቱ ካሣ ሳይከፍሉ አትተኩስ ማለት ግፍ እንደሆነ ለአለቆቼ በእርስዎ ቃል ነግሬያቸዋለሁ። ስለ መርዙም ሰምተው ደንግጠዋል።

ስለ አንበሳው ግን ደስ አላለኝም፤ አለኝ ብዬም አልዋሽዎትም። በዚያ ዱር የቀሩት አንበሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እዚህ አንድ አዳኝ ጎረቤት አለኝ፤ ተኩላው ካርታ ማንበብ አይችልም ይለኛል። የእርስዎን ቃል በስዊድንኛ ስሰማው ሳቄ ይመጣል። እሱም ሕጉን ይረግማል፤ እኔንም ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም። ሆኖም የተፈቀደው ቁጥር ሲሞላ ጠመንጃውን ይሰቅላል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የገደላችሁት ለላሟ ከሆነ ቆዳው ሰርግ ላይ ምን ይሠራል? ከብቱን የበላ አውሬ ተገደለ ብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አባቴም ጅብ ሲገድል ፎክሮ አያውቅም። እኔ ሳስበው የላሟ ነገር ሰበብ ነው፤ ያረጋል ለሰርጉ አንበሳ ያስፈልገው ነበር።

ጻፊው ብለውኛልና ጽሑፍዎን ለሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ። ሌላም ወሬ ሲኖር አይርሱኝ። ለእታታ ውባንች የጉልበት መድኃኒት በኸሊፋ በኩል ልኬያለሁ፤ ጧት ጧት አንድ ፍሬ ትዋጥ።

ሰውነት


ሽንፋ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰውነት ቢሻው፣

እንደምን አለሽ? ለጻፍሽው ክርክር ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የቸገረኝ ነገር አለ።

ሚያዝያ 27 ቀን ያረጋልን ወሰዱት። መሬት ሲመነጥር ከነላቡ ነው የያዙት። መጀመሪያ ስሙን ጠየቁት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደው ሳጥኑን ከፈቱና ቆዳውን አወጡ፤ ዲሞትፈሩንም ከግድግዳው አወረዱ። «ጥር 14 ቀን ሾላው ሥር በዚህ አይዶል የገደልከው?» አሉት። ልጄም አልካደም። የገደለውን አውሬ የሚክድ ልጅ አላሳደግኩም። አሁን ገንዳ ውኃ ታስሯል። ጸዳለ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ያቃጠለኝ ይህ ነው። እንደፎከረ ስንት ሰው ሰምቷል፤ ቀኑንና ቦታውን ግን ለማንም አልተናገርንም፤ የስካውቶቹን ጆሮ እንፈራ ነበርና። እኔና እሱ ብቻ የምናውቀውን ማን ነገራቸው? ቀንና ሌት ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ቀኑንና ሾላውን የጻፍኩት ለአንቺ ነው። ደብዳቤውን በእጁ የያዘው፣ ፎቶ ያነሳውም ኸሊፋ ነው። በገበያ ቀን መተማ ወርጄ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ሞልቶ ሳለ፣ ሃያ ዓመት እንጀራዬን የበላህ ሰላይ ብዬ ሰደብኩት። ሚስቱ ዘምዘም እያለቀሰች ልትገላግለን መጣች። እሱ ቁርኣኑን አውጥቶ እጁን ጫነበትና ማለ። አላመንኩትም። ይህን ደብዳቤ የሰጠሁት ለጭነት መኪና ሹፌሩ ለሰፍዋን ነው።

እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ስምሽን ያከብሩታል። ለፓርኩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ጻፊላቸው። ላማችን ተበልታ፣ አቤት ብለን የሚሰማን አጥተን እንደሆነ ንገሪያቸው። ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ታስሮ አያውቅም። ከአንቺ ምንም ለምኜ አላውቅም። ይህንን ግን እለምንሻለሁ።

እኔ ባንተአምላክ አባትሽ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን እንደ አባትሽ ቁጠሪኝ።


ሽንፋ
ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰውነት፣

መልስ ሳትልኪ ስትቀሪ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ነበር። አሁን ለምን ዝም እንዳልሽ አወቅኩ።

ትናንት ችሎት ነበር። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ወረቀት አውጥቶ አነበበ። «በመጀመሪያ ደሙን ያወጣው ያረጋል ነው፤ ጎፈሩ የጠቆረ ወንድ አንበሳ ነው» አለ። የእኔ ቃል ነው። አንዲት ፊደል ሳትጎድል ከእኔ እጅ የወጣ ቃል በሰው አፍ ሲነገር ሰማሁት። ቀጥሎ «ይህንንም ለፈረንጆችሽ ጻፊው፤ አንፈራም» የሚለውን ሲያነብ በችሎቱ የነበሩት ሳቁ። ልጄ ዞሮ አየኝ።

የልጄን ስም ከነአያቱ ጠመንጃ በወረቀት አድርገሽ ሰጠሻቸው። ከዚያ ለውባንች የጉልበት መድኃኒት ላክሽ። መድኃኒቱን ሽንት ቤት ጥላዋለች።

የተማርሽበትን ደብተር፣ ጎንደር የተከራየሽበትን ቤት ምን እንደከፈለው ታውቂያለሽ? አባትሽ በየዓመቱ የነብር ቆዳ በአህያ ጭኖ ሱዳን፣ ገላባት ያሻግር ነበር። አንድ ቀን ተይዞ እኔ ነኝ ዋስ የሆንኩት። ያኔ አባትሽን አሳልፌ ብሰጥ ዛሬ ፈረንጅ አገር ተቀምጠሽ ተኩላ አትቆጥሪም ነበር። የአባትሽ ነብሮች አንቺ ሆነው ቀርተዋል፤ ለምን የእነሱን ሪፖርት አትጽፊም?

ኸሊፋ ሱቅ ሄጄ ነበር። ይቅር በለኝ ለማለት ነው የሄድኩት። ስኳር መዝኖ ሰጠኝ፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። እኔም ልለው ያሰብኩት ጠፋኝና ወጣሁ። ይህንንም ከአንቺ ሂሳብ ላይ ጻፊው።

ባንተአምላክ


ፋሉን
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ባንተአምላክ፣

ሰላምታዬን እንደማይፈልጉት ስለማውቅ አልጻፍኩትም።

ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ደብዳቤዎን ከሪፖርቱ ጋር አያይዤ ላክሁት። ሪፖርቱ ለፓርኩም እንደሚደርስ አውቅ ነበር። ከመላኬ በፊት ስሙን መሰረዝ እችል ነበር፤ ብዕሩንም አንስቼ ነበር። አልሰረዝኩትም። ተናድጄ ነበር። እነዚህ የአዳኝ ወጎች ዓይኔ እያየ ስንት እንስሳ እንደጨረሱ፣ ሁላችሁም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምትስቁ አስታውሼ ተናደድኩ። ጻፊው አንፈራም ብለውኛል አልኩና ለራሴ ሰበብ አደረግኩት። ይታሰራል ብዬ ግን አላሰብኩም። በእኛ አገር በአደን የሚቀጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ ይቀራል ብዬ ነበር። ይህ ነው ጥፋቴ። ግንቦት የጻፉልኝን ለመመለስ አምስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት፤ እኔ ነኝ ማለት አቅቶኝ ነው።

ስለ አባቴ ነብሮች አልከራከርም። ቆዳዎቹን ጨው የማሸው እኔ ነበርኩ። ይህንን ሥራ የያዝኩት ለዚያ ነው ብል አያምኑኝም።

አሁን ግን የምጽፈውን እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የአባቴን አንበሳ አስታውሳለሁ። አባቴ አንዲት ጥይት ተኩሶ ጆሮውን በሳው፤ የጣሉት እርስዎ ነዎት። በእናንተ ወግ ግዳዩ ቀድሞ ደም ያወጣው ነውና አባቴ እስኪሞት አንበሳ ገዳይ ቢሻው ተባለ። እርስዎ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። እኔ የሰማሁት አባቴ በታመመ ጊዜ ለእኔ ለብቻዬ ነግሮኝ ነው።

ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት። «ደሙን ያወጣው ያረጋል ነው» ይላል። ማን እንደጣለው አይልም። ያረጋል አንበሳውን አቁስሎታል፤ የገደለው ማን ነው? በአሮጌ ዲሞትፈር፣ አንዴ ተኩሶ ሌላ እስኪያጎርስ ድረስ የቆሰለ አንበሳ ቆሞ ይጠብቃል?

አዲስ አበባ ጠበቃ ይዤለታለሁ። ያቆሰለና የገደለ እኩል አይቀጣም ይላል። ልጁ አባቱን ተከትሎ የሄደ፣ ያቆሰለም ብቻ ከሆነ በገደብ ሊለቀቅ ይችላል። እርስዎ ግን ይታሰራሉ። ከጥቅምቱ ቀጠሮ በፊት ገብተው እውነቱን ይናገሩ። እኔን ይጥሉኝ፤ ልጁን ያውጡት።

ሰውነት


ሽንፋ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰውነት፣

ደብዳቤሽ በነሐሴ ደርሶኛል። ሳነበው እጄን አቃጠለኝ። ቢሻው አፉን መያዝ አለመቻሉ አናደደኝ፤ የሞተ ሰው ላይ ተቆጣሁ። የእኔ ጥይት ነው የጣለው የሚል አዳኝ በእኛ ዘንድ ሌባ ነው፤ ከሰው ዝናር ጥይት ከሰረቀ ይብሳል። ለቢሻው ዝም ያልኩትን ለልጄ ልናገርበት? ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ግን አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 13 ቀን ችሎት ገባን። ጠበቃሽ መጥቶ ነበር፤ ደህና ሰው ነው፣ ላቡን እየጠረገ ተከራከረ። ዳኛው በመጨረሻ የሚናገር አለ ወይ ሲል ተነሣሁ። ከወንበሩ መነሣቴን ሁሉም አየ። ያረጋልም አየኝ። በሰርጉ ቀን ቅቤ የተቀባውን ራሱን ተላጭቶ ነበር። ምን ልል እንደሆነ ገብቶት ራሱን ነቀነቀብኝ። አፌን ከፍቼ «ጌታዬ፣ ወንበሩ ጠቦኝ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ፈረዱበት።

ሽንፋ ስመለስ ደጄ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ለቅሶ መስሎኝ ነበር። እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አልካደም፣ አላለቀሰም፣ ወንድ ወልደሃል አሉኝ። አንዱ ማር ይዞ መጣ፤ የጸዳለ አባት ጥይት ተኮሰ። እኔም ልጄ ተፈርዶበት በቤቴ እንግዳ ሳስተናግድ ዋልኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ውባንች መጣችና ዝናሬን ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ጥር ላይ ሰላሳ የክላሽ ጥይት ይዘህ ወጣህ፤ ሃያ ሰባት ይዘህ ገባህ» አለችኝ። «እኔ ነኝ የማስቀምጠው። ከዲሞትፈሩ የጎደለው አንድ ብቻ ነው፤ ከክላሹ ሦስት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁህ።»

ጓዟን ይዛ ጸዳለ ዘንድ ሄደች፤ ሕፃኑ እዚያው ነው የሚወለደው። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ገንዳ ውኃ ሄድኩ። ብስኩትና ሳሙና ይዤለት ነበር፤ አላየውም። በሽቦው በኩል ተጠግቶ «አባየ፣ ሦስቱን የተኮስካቸው አንተ መሆንህን ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «እዚህ ያለ ሰው ሁሉ አንበሳ ገዳይ ነው የሚለኝ። እሱን ከወሰድክብኝ ምን ይቀረኛል?» ልጄ ከታሰረ ጀምሮ የለመነኝ ይህንን ብቻ ነው። እሺ ብዬው ወጣሁ። ይህንን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ነገር ያስተማርኩት አይመስለኝም።

አንቺን ይቅር አላልኩሽም፤ እንድልሽም አትጠብቂ። ስለ አንበሳ ወግ የጻፍሽውን ግን ብዙ ቀን አሰብኩበት። በዚያ ዱር አራት ዓመት ቆይቶ አንበሳ ይኖር አይኖር አላውቅም። ልጄ ግን ሲወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የራሱን ልጅ አያውቀውም። ጠበቃሽ የይግባኙ ጊዜ ገና አላለፈም ይላል።

እንግዲህ ስሚ። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ዱካ ይዘን ሾላው ሥር ደረስን። እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰርጉ ደርሷል፣ ባዶ እጅህን አትሞሸርም ያልኩትም እኔ ነኝ። ያረጋል አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ ታፋውን ጫረው። አንበሳው ወደ እሱ ዞረ። ልጁ ሁለተኛ ሊያጎርስ ሲል ጥይቱ ከጣቱ አምልጦ ሣር ውስጥ ወደቀበት፤ ኋላ ፈልገን ነው ያነሣነው። እኔ በክላሽ ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። ሁለቱ ደረቱን፣ አንዱ አንገቱን ነው የመታው፤ ቆዳው ላይ ቀዳዳው አለ፣ ይለኩት። ከልጄ አምስት እርምጃ ላይ ወደቀ። አንበሳውን የገደልኩት እኔ ባንተአምላክ ነኝ። ክላሹ ቤቴ ነው፤ ሲመጡ አልከለክላቸውም።

ይህንን በልጄ ፊት ቆሜ ልናገር ሄጄ አልቻልኩም፤ አሁንም አልችልም። አንቺ ግን ትችያለሽ፤ አንድ ጊዜ አድርገሽዋል። ደብዳቤውን እንዳለ ስጪያቸው፤ ስሜን እንዳትሰርዢው። ያረጋል ማን ነገራቸው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሰውነት ናት እለዋለሁ።

ባንተአምላክ